ዳኛ ያላየው ማስጠንቀቂያና የጭነት መኪና ነጂ እንጀራ

ማስጠንቀቂያ በአገራችን ልማድ የምሕረት ታናሽ እኅት ናት። አባት ልጁን ከመምታቱ በፊት በዓይኑ ይገሥጸዋል፤ የኔታም ተማሪያቸውን በአለንጋ ከመንካታቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠርገው ያነቁታል፤ ሹምም የበታቹን ከሥራው ከማሰናበቱ አስቀድሞ አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ «ተው» ይለዋል። የተገሠጸው ሰው ጠባዩን ያረመ እንደ ሆነ ነገሩ በዚያው ይቀራል እንጂ በዓመቱ ተነሥቶ አይወቀስበትም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ይህን የመሰለውን ጥበብ ነው።

ዳሩ ግን ተግሣጽ ከአፍ ወጥቶ በወረቀት ላይ በተጻፈ ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ምሳሌ ስለ ትምህርት የተነገረ ቢሆንም ስለ ማስጠንቀቂያም እውነት ነው። የተጻፈ ነገር አይረሳም፤ ከጸሓፊው እጅ ወጥቶ ወደማያውቀው ሰው እጅ ይደርሳል፤ ጸሓፊውም ያላሰበውን ሥራ ይሠራል። ዛሬ ለክቡራን አንባብያን ልናስረዳ ያሰብነው ይህ ነገር በአንድ ሙያ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው በመንገድ ላይ ከፖሊስ የሚቀበለው ማስጠንቀቂያ እንጀራውን እንዴት እንደሚነካበት ነው።

«የአሜሪካ መንገድ ነገር ለእኛ ቤት ምኑ ነው?» የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ሩቅ አይደለም። ከአገራችን ተሰደው ወይም በፈቃዳቸው ሄደው በዚያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የጭነት መኪና ነጂነትን ሙያቸው አድርገዋል። ባል በመሪው ላይ ሆኖ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት ከቤቱ ሲርቅ ሚስት በዚያ ልጆቹን ታሳድጋለች፤ ከደመወዙም ተቀንሶ በሚላከው ገንዘብ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ወይም ደሴ ያለች እናት መድኃኒቷን ትገዛበታለች፤ ታናሽ ወንድም ይማርበታል። እንግዲህ በሩቅ አገር መንገድ ዳር የተጻፈች አንዲት ወረቀት ሁለት ቤት ልታናውጥ ትችላለች ማለት ነው። ነገሩን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ማውጣታችንም ስለዚህ ነው።

ስለ ነጂው ፈቃድ

አስቀድመን የነጂውን ሁኔታ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። በአሜሪካ ማንም ሰው ትንሽ መኪና የሚነዳበትን ፈቃድ ይዞ ትልቁን ካሚዮን ሊነዳ አይችልም። በ1986 የወጣው የንግድ መኪናዎች ደኅንነት ሕግ ለትልልቅ መኪና ነጂዎች የተለየ ፈቃድ እንዲኖር አዘዘ፤ ከ1992 ጀምሮም ያለዚህ ፈቃድ እነዚህን መኪናዎች መንዳት ተከለከለ። ፈቃዱ በእንግሊዝኛ ፊደሎቹ «ሲ ዲ ኤል» ይባላል፤ ጠቅላላ ክብደቱ 26,001 ፓውንድ፥ ማለት ወደ 11,800 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ መኪና ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት አንዳንድ ነጂዎች ከልዩ ልዩ ክፍለ ግዛት ብዙ ፈቃድ እያወጡ ጥፋታቸውን በየፈቃዱ ላይ ይበትኑት ነበር። አዲሱ ሕግ ግን አንድ ነጂ አንድ ፈቃድ ብቻ እንዲይዝ አደረገ።

ሕጉ መጥበቁ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አገር በፌዴራሉ አውራ ጎዳና ላይ ጭነት የሞላ መኪና እስከ 80,000 ፓውንድ፥ ማለት ከ36,000 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይፈቀድለታል። ይህን ያህል ክብደት በፍጥነት ሲሄድ ፍሬን ስለ ተያዘ ብቻ ወዲያው አይቆምም። ነጂው ለአንዲት ደቂቃ ዓይኑን ከመንገድ ያነሣ እንደ ሆነ ከፊቱ ያለች ትንሽ መኪና ከነቤተ ሰቧ ልትጠፋ ትችላለች።

ስለዚህ በዳኛ ፊት የተረጋገጠ ጥፋት ቅጣቱ ከባድ ነው። ከተፈቀደው ፍጥነት 15 ማይል ወይም ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት፥ ፊት ለፊት ወዳለው መኪና እጅግ ተጠግቶ መከተል፥ ያለ አግባብ መስመር መለወጥ፥ እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ መነጋገር፥ እነዚህ «ከባድ» ተብለው ከተቈጠሩት ጥፋቶች መካከል ናቸው። በ3 ዓመት ውስጥ በሁለት ከባድ ጥፋት የተፈረደበት ነጂ ለ60 ቀን፥ በሦስት የተፈረደበት ለ120 ቀን የንግድ መኪና እንዳይነዳ ይታገዳል። ለትንሽ መኪና ነጂ በአብዛኛው ክፍለ ግዛት የአልኮል ወሰኑ 0.08 ከመቶ ሲሆን የንግድ መኪና ለሚነዳው ግን 0.04 ነው፤ ይህን የተላለፈ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓመት ይታገዳል፤ የደገመም እንደ ሆነ እገዳው የዕድሜ ልክ ይሆናል። ነጂው በመንገድ ሕግ ጥፋት የተፈረደበት እንደ ሆነ፥ የማቆሚያ ስፍራ ጥፋት ካልሆነ በቀር፥ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ለሌላው ሰው ዳኛው «ጥቂት ቀን ተማርና ክሱ ከመዝገብ ይቅርልህ» ሊለው ይችል ይሆናል፤ የሲ ዲ ኤል ባለ ፈቃድ የሆነውን ሰው ፍርድ ግን ክፍለ ግዛቶች በእንደዚህ ያለ መንገድ እንዳይሸፍኑት የፌዴራሉ ሕግ ይከለክላል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ነጂ ፖሊስ አቁሞት በክስ ወረቀት ፈንታ «ለዛሬ አስጠንቅቄሃለሁ፤ ሂድ» ያለው እንደ ሆነ እጅ ነሥቶ፥ አመስግኖ መሄዱ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን የሚያመሰግንበትን ወረቀት አስቀድሞ ማንበብ ይገባዋል።

ማስጠንቀቂያ ሁለት ዓይነት ነው

አንደኛው ማስጠንቀቂያ በቃል የሚነገረው ወይም የአገሩ ፖሊስ በትንሽ ወረቀት ጽፎ የሚሰጠው ነው። ይህ ፍርድ አይደለም፤ መቀጫም የለበትም። የየክፍለ ግዛቱ ልማድ የተለያየ ቢሆንም በአብዛኛው በነጂው የመንጃ መዝገብ ላይ እንደ ጥፋት አይቈጠርበትም። ትንሽ መኪና የሚነዳ ሰው የሚያውቀው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፤ እርሱን ቤቱ ገብቶ ቢረሳው አይጐዳም።

ሁለተኛው ግን ከመንገድ ላይ ምርመራ ጋራ የሚጻፈው ነው። በአሜሪካ ለዚህ ሥራ የተማሩ ተቈጣጣሪዎች በሚዛን ጣቢያም ሆነ በመንገድ ዳር የጭነት መኪናዎችን ያቆማሉ። ምርመራው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ አንደኛው ደረጃ 37 ክፍል ያለው፥ ከመኪናው ሥር ገብቶ ፍሬኑን እስከ ማየት የሚደርስ ነው፤ ሦስተኛው ደረጃ የነጂውን ወረቀትና የሥራ ሰዓቱን ብቻ ይመለከታል። ተቈጣጣሪው ያገኘውን ጕድለት ሁሉ በምርመራው ጽሑፍ ላይ ያሰፍራል። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጕድለት የክስ ወረቀት ቢሰጥ ወይም በማስጠንቀቂያ ቢያልፈው የእርሱ ፈቃድ ነው። ጕድለቱ ግን በሁለቱም መንገድ ተጽፏል።

ይህም ጽሑፍ በዚያው አይቀርም። ነጂው ወደሚቀጥለው የኩባንያው ጣቢያ እንደ ደረሰ ለአሠሪው መስጠት አለበት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የማይደርስ እንደ ሆነ ወዲያው መላክ አለበት። ኩባንያውም የተጻፈውን ጕድለት አስተካክሎ በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ይመልሳል። በዚህ መካከል ጽሑፉ በ2000 ወደ ተቋቋመው የፌዴራል የንግድ መኪናዎች ደኅንነት አስተዳደር መዝገብ ይገባል።

ከዚያ መዝገብ ሁለት ወንዝ ይወጣል። አንዱ ወደ ኩባንያው ይፈሳል። መሥሪያ ቤቱ ከ2010 ጀምሮ የእያንዳንዱን ኩባንያ የ24 ወር ጕድለት እየደመረ ከሌሎቹ ጋራ ያስተያያል። በመጨረሻው 6 ወር የተጻፈ ጕድለት በሦስት ተባዝቶ፥ ከ6 እስከ 12 ወር የሆነው በሁለት ተባዝቶ፥ ከዚያ በላይ እስከ 24 ወር ያለው በአንድ ይቈጠራል። በዚህ ስሌት ውስጥ ማስጠንቀቂያ የተሰጠበትና ክስ የተጻፈበት ጕድለት ልዩነት የላቸውም። ነጂው ሥራውን ለቆ ቢሄድ እንኳ እርሱ ያመጣው ጕድለት ከኩባንያው ሒሳብ ላይ አብሮት አይሄድም።

ሁለተኛው ወንዝ ወደ ነጂው ስም ይፈሳል። እርሱም ነጂ የሚቀጥሩ ኩባንያዎች ከመቅጠራቸው በፊት የሚመለከቱት የቅድመ ቅጥር መዝገብ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደሎቹ «ፒ ኤስ ፒ» ይባላል። በዚህ መዝገብ የ5 ዓመት አደጋና የ3 ዓመት የመንገድ ላይ ምርመራ ይታያል። አዲሱ አሠሪ ይህን ለማየት የነጂው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ዳሩ ግን ሥራ ፈላጊ ሆኖ «አልፈቅድም» የሚል ማን ነው?

ነገሩ እንዲገለጽ ምሳሌ እንስጥ። አንድ ነጂ 65 ማይል በተፈቀደበት መንገድ በ73 ማይል ሲሄድ ተገኘ እንበል። ተቈጣጣሪው አቁሞ ወረቀቱን መረመረ፤ ከኋላ አንዲት መብራት መጥፋቷንም አየ። ሰውየውም ትሑት ሆኖ ስለ ተገኘ ሁለቱንም በማስጠንቀቂያ አለፈለት። ነጂው መቀጫ አልከፈለም፥ ፍርድ ቤት አልቀረበም፥ ፈቃዱም አልተነካም። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጆቹ ወደሚማሩበት ከተማ የቀረበ፥ ማታ ማታ ከቤቱ የሚያድርበት ሥራ አገኘና አመለከተ። የቅጥሩ ሹም መዝገቡን ሲከፍት «ከፍጥነት ማለፍ» የሚል ቃል አየ። ከአጠገቡ ደግሞ ሌላ ንጹሕ መዝገብ ያለው አመልካች አለ። የቀረውን አንባቢ ራሱ ይፈርዳል።

የተቀጠረውም ሰው ቢሆን ጭንቀት አያጣውም። የመኪናውን ዋስትና የሚሸጠው የኢንሹራንስ ኩባንያ የነጂዎቹን ታሪክ ይመለከታል፤ አንዱ ነጂ ዋጋ የሚያስጨምር መስሎ የታየው እንደ ሆነ አሠሪው ያሰናብተዋል። በዚያ አገር በአብዛኛው ስፍራ የጊዜ ውል ወይም የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት የሌለበት ሠራተኛ ያለ ረጅም ምክንያት ሊሰናበት ይችላል። አንዳንድ ኩባንያ ደግሞ በራሱ ደንብ ሁለት ወይም ሦስት ማስጠንቀቂያ ያገኘውን ነጂ እንደ ጥፋተኛ ይቈጥረዋል። እንግዲህ ፖሊሱ የሰጠው ምሕረት በአሠሪው ቤት ቅጣት ሆኖ ይገኛል።

ዳኛ የሌለበት ጽሑፍ

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ለምንውል ለእኛ ከዚህ ሁሉ ይልቅ አሳሳቢ መስሎ የታየን ሌላ ነው። የክስ ወረቀት መጥፎ ነገር ቢሆንም አንድ በጎ ነገር አለው፤ ይኸውም ዳኛ አለው። የተከሰሰው ነጂ በቀጠሮው ቀን ቀርቦ «አላጠፋሁም» ይላል፤ ፖሊሱም ያየውን ይመሰክራል፤ ዳኛውም ይፈርዳል። ነጂው ነጻ የወጣ እንደ ሆነ ወይም ክሱ ያለ መቀጫ የተሠረዘለት እንደ ሆነ፥ ከነሐሴ 23 ቀን 2014 በኋላ ለተደረገ ምርመራ፥ የፍርዱን ግልባጭ አቅርቦ ጕድለቱን ከፌዴራሉ መዝገብ ማስወጣት ይችላል። በዝቅተኛ ጥፋት የተፈረደበትም እንደ ሆነ የጕድለቱ ክብደት ይቀነስለታል።

ማስጠንቀቂያ ግን ቀጠሮ የለውም። ከሳሽ ስለሌለ ተከሳሽ የለም፤ ተከሳሽ ስለሌለ ዳኛ የለም፤ ዳኛ ስለሌለ ነጻ መውጣት የለም። በጥፋቱ የተከሰሰው ሰው ራሱን ነጻ የሚያወጣበት በር ሲያገኝ፥ የተማረው ግን በሩን አጣ። በአገራችን በበላ ልበልሃ ዘመን እንኳ ባለጋራዎች ፊት ለፊት ቆመው በየተራ ሳይናገሩ ነገር አይቈረጥም ነበር። የተጻፈበት ሰው ያልተሰማበት ጽሑፍ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው እንጀራ ላይ ይናገራል።

እርግጥ ነው፥ አቤቱታ የሚቀርብበት አንድ መንገድ ተሠርቷል። ስሙም «ዳታ ኪውስ» ይባላል፤ ነጂውም ሆነ ኩባንያው «ይህ ስሕተት ነው» ብሎ ማስረጃውን አያይዞ ይልክበታል። ነገር ግን አቤቱታው ተመልሶ የሚላከው ያንኑ ጽሑፍ ወደ ጻፈው ክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤት ነው። ስሙ ለተሳሳተ፥ የሌላ ሰው ጕድለት ለተጻፈበት ወይም ማስረጃ በእጁ ላለው ሰው ይህ መንገድ ይጠቅማል። «በ73 አልነዳሁም» ብሎ ቃሉን ብቻ ለያዘ ሰው ግን ጠባብ በር ነው።

ይህም ጭንቀት እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። የባለ መኪና ነጂዎች ማኅበር የሆነው «ኦኦአይዲኤ» ከጥቂት ነጂዎች ጋራ ሆኖ፥ ትክክል ያልሆነ የጕድለት ጽሑፍ በመዝገብ ላይ ተይዞብናል ሲል መንግሥትን ከሶ ነበር። የዋሽንግተን የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 በሰጠው ፍርድ፥ ትክክል ያልሆነው ጽሑፍ ወደ አሠሪዎች የተላለፈባቸው ነጂዎች ጕዳት ደርሶባቸዋልና ካሣ ለመጠየቅ ይችላሉ አለ። በመዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ለማንም ያልታየባቸው ግን ገና የተጐዱ አይባሉም አለ። ከዚህ ፍርድ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ጽሑፍ የሚጐዳው በሣጥን ሳለ ሳይሆን ሰው ሲያነብበው ነው።

ስለ ቋንቋ

በተለይ ለወገኖቻችን የሚያሳስብ ሌላ ነገር አለ። የፌዴራሉ ደንብ የንግድ መኪና ነጂ ከሰው ጋራ ለመነጋገር፥ የመንገድ ምልክት ለማንበብ፥ ለመንግሥት ሰዎች ጥያቄ ለመመለስና ጽሑፉን ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ ያዛል። በ2016 በወጣ መመሪያ ግን በዚህ ጕድለት የተገኘ ነጂ ይጻፍበት እንደ ሆነ እንጂ መኪናውን እንዲያቆም አይደረግም ነበር። ብዙ ሰውም ነገሩን እንደ ተራ ማስጠንቀቂያ ቈጠረው። ሚያዝያ 28 ቀን 2025 የአገሩ ፕሬዚዳንት ባወጡት ትእዛዝ መሠረት ይህ መመሪያ ተሻረ፤ ከሰኔ 25 ቀን 2025 ጀምሮም በእንግሊዝኛ መልስ መስጠት ያልቻለ ነጂ በዚያው በቆመበት መንገድ ዳር ከሥራ ይታገዳል።

ብዙ ነጂዎች ደመወዛቸው በሄዱበት ማይል ልክ የሚከፈል ስለሆነ የቆመ መኪና የቆመ ደመወዝ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በወረቀት ብቻ ያለፈ ነገር በአንድ ቀን መሰናክል ሆነ። ከዚህም የምንረዳው፥ ዛሬ በማስጠንቀቂያ የሚያልፍ ጕድለት ነገ በምሕረት አያልፍ ይሆናልና፥ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው የተሰጠውን ጊዜ ለትምህርት ሊያውለው እንደሚገባ ነው።

የሌላውንም ወገን እንስማ

አንድን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ እንደማይገባ ከላይ ተናግረናልና የመዝገቡን ወገን ቃልም እንስማ። ትንሽ ጕድለት የትልቅ አደጋ መልእክተኛ ነው። መቶ ነጂ ያለው ኩባንያ አንዱ ሰው በየወሩ ስለ ፍጥነት ማስጠንቀቂያ ሲያመጣ ካላወቀ፥ የሚያውቀው ሰው ከሞተ በኋላ ይሆናል። ፖሊሱም ቢሆን ጕድለቱን ከመዝገብ እንዲሰውር አልታዘዘም፤ የታዘዘው ያየውን እንዲጽፍ ነው። ደግሞም ጽሑፉ የሚያሳየው ክፉውን ብቻ አይደለም፤ ምንም ጕድለት ያልተገኘበት ምርመራም ይመዘገባልና ለነጂውና ለኩባንያው የመልካም ሥራ ምስክር ይሆናል።

ስለዚህ እኛ «ማስጠንቀቂያ አይጻፍ» አንልም። የምንለው፥ የሚጻፍ ከሆነ የተጻፈበት ሰው የሚሰማበት በር ይከፈት፤ የሚያነብበውም አሠሪ ማስጠንቀቂያን ከፍርድ ለይቶ ያንብብ ነው። ከዳኛ ፊት የወጣና ከመንገድ ዳር የወጣ ወረቀት በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም።

ምክር ለነጂው፥ ለቤቱና ለባለ ንብረቱ

ለነጂው የሚበጀው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ጠዋት ከመነሣቱ በፊት መብራቱን፥ ጐማውንና ፍሬኑን የሚያይ ሰው ለተቈጣጣሪው የሚጽፈው ነገር አይተውለትም። በመንገድ ዳር ክርክር አይጠቅምም፤ «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ በትሕትና መልስ መስጠት ይሻላል። ነገር ግን ከስፍራው ሳይነቃነቅ ወረቀቱን ያንብብ፤ ስሙ፥ የፈቃዱ ቍጥር፥ የመኪናው ሰሌዳና የኩባንያው ስም በትክክል የተጻፈ እንደ ሆነ ይመልከት። ክስ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ? ምርመራ ተደርጓል ወይስ አልተደረገም? ምርመራ ተደርጎ ጕድለት ያልተገኘበት እንደ ሆነም ይህ በጽሑፍ እንዲሰጠው በትሕትና ይጠይቅ። ጕድለት የተጻፈበትን ወረቀት ከአሠሪው መሸሸግ ከጕድለቱ የከፋ ነው፤ አሠሪው በመዝገብ ማየቱ አይቀርምና።

የራሱንም መዝገብ በዓመት አንድ ጊዜ ይመልከት። የፒ ኤስ ፒውን ጽሑፍ ነጂው ራሱ 10 ዶላር ከፍሎ ማውጣት ይችላል። ስሕተት ያገኘ እንደ ሆነ ፎቶግራፉን፥ የሰዓት መመዝገቢያውን ጽሑፍና ያለውን ማስረጃ ሁሉ ሰብስቦ በጊዜው አቤት ይበል። የሥራ ማመልከቻ ሲሞላም የተጠየቀውን በትክክል ይመልስ፤ የፌዴራሉ ደንብ የሚጠይቀው ባለፉት 3 ዓመታት የተፈረደበትን ጥፋት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ኩባንያው በራሱ ቅጽ «ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶህ ያውቃልን?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ እውነቱን መጻፍ ይሻላል፤ ትንሽ ጕድለት በውሸት ሲሸፈን ትልቅ ይሆናል።

የቤት እመቤትም በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላት። ባሏ በመንገድ ላይ ሲሰነብት ደብዳቤ የሚደርሰው ወደ ቤት ነው። ከፍርድ ቤት የመጣ ቀጠሮ ሳይከፈት ቀን ያለፈ እንደ ሆነ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። የምርመራ ጽሑፍ፥ የክስ ወረቀት፥ የፍርድ ግልባጭና የጥገና ደረሰኝ በየዓመቱ ተለይቶ የሚቀመጥበት አንድ ሣጥን በቤት ውስጥ ቢኖር የልጆቹን ጉርስ የሚጠብቅ ነው። ነጂው ደክሞት ቤቱ ሲገባም «ስንት አመጣህ?» ከማለት በፊት «መንገዱ እንዴት ነበር? ያቆመህ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል፤ ችኰላ ከቤት ተጭኖ የሚወጣበት ጊዜ አለና።

በመጨረሻም በአገራችን በጂቡቲ መንገድም ሆነ በሌላው አውራ ጎዳና ካሚዮን ለሚያሰማሩ ባለ ንብረቶችና በየመሥሪያ ቤቱ ነጂዎችን ለሚያዝዙ ሹማምንት አንድ ቃል እንጨምራለን። ለነጂ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሰውየውን አስጠርታችሁ ቃሉን ስሙ፤ የሰማችሁትንም ከማስጠንቀቂያው ጋራ አስጽፉ። ጥፋቱን ያረመበትን ጊዜም በዚያው መዝገብ ላይ ጻፉለት። ጥፋቱ ብቻ ተጽፎ መታረሙ ያልተጻፈለት ሰው ለመታረም ምን ምክንያት ይኖረዋል? ደግሞም ጭነቱ በማይቻል ሰዓት እንዲደርስ እያዘዙ ስለ ፍጥነት ማስጠንቀቂያ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጽሑፍ ትልቅ ኀይል ነው። ለሚጽፈው ሰው የአንዲት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለተጻፈበት ሰው ግን የሦስት ዓመት ጎረቤት ነው። ስለዚህ የሚጽፍ በጥንቃቄ ይጻፍ፤ የሚያነብብም በማስተዋል ያንብብ፤ የተጻፈበትም ወረቀቱን ሳይጥል ጠባዩን ያርም። ሦስቱ በየበኩላቸው ይህን ያደረጉ እንደ ሆነ ማስጠንቀቂያ ወደ ጥንቱ ስሟ፥ ወደ ምሕረት ታናሽ እኅትነቷ ትመለሳለች።